ከንፈር የማይመጠጥበት ቤት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮሶዬ ላይ፣ የአበቡን ምግብ ቤት የማያውቅ ሾፌር የለም። ሽሮዋን ያመሰግናሉ፣ ቅቅል ድንቿን ያመሰግናሉ፣ ምላሷን ግን ይፈሩታል። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ልጇን ጸሎትን ስታነክስ አየና ከንፈሩን መጠጠ። "ምስኪን! ምን በድላ ነው ይህቺ ነፍስ?" አለ። አበቡ ያቀረበችለትን ሳህን ከፊቱ አነሣች። "እዚህ ቤት የሚቀርበው ምግብ ነው፤ ልጄን ለሐዘን አላቀረብሁልህም። ሂድልኝ" አለችው። ሰውየው የጠቀለላትን ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ወጣ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝ አልሳቀችም። እኔ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

እኔ ሐዲጃ እባላለሁ፤ ጎንደር አዲስ ዓለም ልብስ ሰፊ ነኝ። አበቡን ያወቅኋት ከግቢዬ አንዲት ክፍል በተከራየች ጊዜ ነው። ስለ እሷ የምጽፈው ስለምወዳት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያወራባት ነገር ስለሚያናድደኝ ጭምር ነው። "እልኸኛ ናት፤ ልጇን በብረት አሠቃየች" ይላሉ። እልኸኛ መሆኗስ እውነት ነው። የቀረውን ግን የሚያወሩት ሳያውቁ ነው።

ጸሎት ስትወለድ ቀኝ ጭኗ ከግራው ያጠረ ነበር። ማንም አልመታትም፣ አልወደቀችም፤ ገና በማሕፀን ሳለች አጥንቱ ሳያድግ ቀረ። ቁመቷ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱም አብሮ ጨመረ። ለቀኝ ጫማዋ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ሶል ይሰፋላት ነበር፤ ያንን እየጎተተች የኮሶዬን ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ የወጣ ያውቀዋል። አባቷ ሰውአገኝ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ሞተ። ደኅና ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ድንች ሊኮተኩት ወጣ፤ ቀትር ላይ ማሳው መካከል በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ያገኙትም፣ ከመሬት ያነሡትም ታላቅ ወንድሙ አያ ዋኘው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት አባቷ እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ በጾም ሲሰግዱ የኖሩበት ግንባራቸው ጠቁሯል። ልጅቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት።

ጸሎት ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጎንደር ላይ ዶክተር አምሐ የሚባል የአጥንት ሐኪም አያት። አጥንቷን ቆርጦ፣ ከጭኗ ውጭ ብረት አስሮ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያራራቁ ማስረዘም እንደሚቻል ነገራቸው። በተራራቀው መካከል አዲስ አጥንት ይበቅላል አለ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነዋ!" አለች አበቡ።

ዶክተሩ አልሳቀም። "እኔ የምፈራው ለጭኗ አይደለም፤ ለዳሌዋ ነው" አላት። ከዚያ አስረዳት። የጭን አጥንት ራስ ዳሌ ውስጥ የሚቀመጠው ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነው። እንደ ጸሎት ሆነው የተወለዱ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ሙቀጫቸው ጠለቅ ያለ አይደለም። አጥንቱ ሲረዝም ሥጋውና ጅማቱ እሺ ብሎ አይከተልም፤ ይወጠራል። ልጅቱ ሕመሙን ሽሽት ጭኗን አጥፋ ከሰነበተች ጅማቱ እንደታጠፈ ያጥርና ዘነዘናውን ከሙቀጫው ያወጣዋል።

"ከወጣ ከዛሬው የባሰ ታነክሳለች። ስለዚህ ከጭኗ ሥር ትራስ አይደረግም። ጠዋትም ማታም እግሮቿን ከፈት አድርጋ በሆዷ ትተኛለች። ያማታል። ብታለቅስም ትተኛለች።"

"እኔ አላለቅስም" አለች ጸሎት።

አለቀሰች እንጂ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እኔ ግቢ ገብተው በሆዷ በተኛች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ግን እየተሳደበች ነው የምታለቅሰው። ብረቱን ትሰድበዋለች፣ ሐኪሙን ትሰድበዋለች፣ ፊቷ ድረስ መጥተው የሚያዩዋትን ዶሮዎቼን ትሰድባቸዋለች። ሲበቃት ደብተሯን ዘርግታ፣ እዚያው እንደተኛች የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ብረቱን የሚያራርቀውን ብሎን የሚያዞረው ቁልፍ እናቷ እጅ ላይ ውሎ አያውቅም፤ ነጥቃ ራሷ ታዞረዋለች። "ብረቱ የእኔ ነው" ትላለች። ተራ ሱሪ በብረቱ ላይ ስለማያልፍ እኔ ጎኑ ተከፍቶ በማሰሪያ የሚታሰር ሱሪ ሰፋሁላት። ብረቱን የሚሸፍን ጨርቅ ልጨምርበት ስል ከለከለችኝ።

"አይሸፈን እትዬ ሐዲጃ። ይታይ።"

አበባ አበባ ያለበት ቀይ ጨርቅ መርጣ እሱን አሰፋችኝ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ሁሉ ደግ ነበር። ራጁም ሸጋ ነበር።

የተበላሸው በተዝካር ነው። የሰውአገኝ ሰባተኛ ዓመት ደረሰና አበቡ ልጇን ይዛ ኮሶዬ ወጣች። ቶሎ ልትመለስ ነበር። ምን ታድርግ? የባሏን ተዝካር ትታ ብትቀር ሀገሬው ከነሕይወቷ ይቀብራት የለ! በማግሥቱ መንገዱ ተዘጋ። እኛ ዘንድ መንገድ ሲዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚነግር የለም። የራጅ ቀጠሮዋ አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ።

ለተዝካር የመጣ ሰው በዚያው የታመመችውን ልጅ ሊጠይቅ ወደ ጓዳ ይገባል። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ እጅ ያጠረው ደግሞ ትራስ ያስተካክላል። አንዷ ትገባና "እንዲህ ነው እንዴ የታመመ የሚተኛ?" ብላ ትደግፋታለች። ሌላዋ ጋቢ አጥፋ ትጨምርላታለች። አበቡ አንዱን ስታወጣ ሌላው ይገባል። መጨረሻ ላይ አያ ዋኘው ገቡና ጸሎትን በሆዷ ተኝታ አገኟት። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

"ምነው አበቡ፣ ልጄን ደፋሻት? በዚህ ቤት አንድ የተደፋ አይበቃም?"

"ሐኪሙ ነው አያ፤ ለዳሌዋ..."

"ሐኪሙ ወንድሜን ከማሳ አላነሣውም። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ገልብጫት!"

ቤቱ ሰው ጢም ብሎበታል። ተዝካሩ የወንድማቸው ነው። ሾፌር ከነጉርሻው የምታባርር አበቡ በዚያች ሰዓት ይሉኝታ ያዛትና ልጇን ገለበጠቻት። ትራሱን ከጭኗ ሥር ያስገቡት አያ ዋኘው ራሳቸው ናቸው፤ እንዳያማት እየተጠነቀቁ፣ በቀስታ። ጸሎትም ተመቻት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው፤ የሚጎዳት ነገር ይመቻት ነበር። ከዚያ ወዲያ በሆድሽ ተኚ ያላት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። ሰንበት ሲል ጭኗ አልዘረጋ አለ። ብሎኑን ግን እንደታዘዘችው ሳታጓድል ታዞረዋለች። አጥንቱ ይረዝማል፣ ጅማቱ ታጥፎ ደርቋል፣ ዘነዘናው ቀስ እያለ ከሙቀጫው ይወጣል።

መንገዱ ሲከፈት አያ ዋኘው አብረዋቸው መጡ። ዶክተር አምሐ ራጁን መስኮቱ ላይ አንሥቶ አየና ወዲያው "ብሎኑ ከዚህ በኋላ አይነካ" አለ። የጭኗ ራስ ከቦታው ወጥቶ የሙቀጫው ጫፍ ላይ ደርሷል። ሁለት ምርጫ ሰጣቸው። አንደኛው የረዘመውን መልሶ ማሳጠርና ብረቱን አውጥቶ ሁሉን ነገር መተው ነው። ሁለተኛው ያጠረውን ጅማት በቀዶ ሕክምና ፈትቶ፣ እግሯን በክብደት ስቦ፣ የወጣውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ከተመለሰም አዲሱ አጥንት እስኪጠና ብረቱ ይቆያል፤ እስከዚያ ድረስ በሆዷ መተኛቷን አንድ ቀን ማቋረጥ አይቻልም። "እንደገና ከወጣ ግን እኔም የማደርገው የለኝም" አለ።

ግቢዬ ሲመለሱ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ ነበር። ጭቅጭቁን ስሰማ እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ።

"ይውጣ!" ይላሉ አያ ዋኘው። "ብረቱ ይውጣና ልጄን ጠበል ልውሰዳት። በአጭር እግሯ እኮ በሕይወት ነበረች። ምን ጎደለባት?"

አበቡ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማ ነበር። ዞረች።

"አያ፣ በስቅለት ሲሰግዱ ግንባርዎ መሬት ይነካል ወይስ አይነካም?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ይነካል ወይስ አይነካም?"

"ይነካል እንጂ።"

"እግዚአብሔር ፊት መደፋት ጽድቅ፣ ለልጄ ዳሌ መደፋት እርግማን? ይኸ የት ተጽፏል? ሰውአገኝ ስለተደፋ አልሞተም፤ ስለሞተ ነው የተደፋ!"

እኔም በቀን አምስት ጊዜ ግንባሬን መሬት የማስነካ ሰው ነኝና በልቤ አሚን አልሁ። አበቡ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በክፋት አይደለም አያ። አውቃለሁ፣ በፍቅር ነው። ትራሱን እርስዎ አስገቡ፣ እኔ ዝም አልሁ። ሁለታችንም በፍቅር ልናሽመደምዳት ነበር" አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

ይኸን ጊዜ ከክፍሉ ውስጥ የጸሎት ድምፅ ተሰማ። "እኔን የሚጠይቀኝ የለም? ብረቱ የእኔ ነው። አይወጣም። ጅማቱን ይቁረጡት!"

ጅማቱ ተፈታ፤ እግሯም በክብደት ተስቦ ሆስፒታል ሰነበተች። ግቢዬ ስትመለስ አበቡ የክፍሏ በር ላይ ቆማ ለጠያቂው ሁሉ ሕግ አወጣች። ጸሎትን ሊጠይቅ የመጣ ከአጠገቧ በሆዱ ተኝቶ ይጠይቃታል። አልተኛም ያለ ከደጅ ይመለሳል። ትራስ አይነካም። ከንፈር አይመጠጥም።

ሰፈሩ ጉድ አለ። የመጀመሪያዋ ተኚ እኔ ነበርሁ፤ ወፍራም ነኝና ስነሣ ጎትተው ነው ያነሡኝ። ጨርቅ የምገዛው ከጎረቤቴ ከበድሩ ነው፤ ለወትሮው ኩሩ ነጋዴ ነው። እሱም መጣ፣ ኮፍያውን አውልቆ ተኛ፣ ወሬ ሲያወራላት እንቅልፍ ወሰደውና አንኮራፋ። ጸሎት አፏን በመዳፏ አፍና እስክትንፈራፈር ሳቀች። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው የሚያዝንልህ ቆሞ ቁልቁል ሲያይህ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ ዓይን ለዓይን ሲገጥምህ ከንፈር መምጠጥ ያሳፍረዋል፤ ይልቅ ወሬ ይጀምራል።

አያ ዋኘውም በየገበያው ቀን ይመጣሉ፤ ግን ከበሩ አያልፉም። ዱላቸውን ተደግፈው ከደጅ "ደኅና አደርሽ ልጄ?" ይሏታል። "ይግቡ አያ" ትላቸዋለች። "ዛሬስ እቸኩላለሁ" ብለው ያመጡትን ድንች ደፉ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። የሚቸኩሉበት ጉዳይ እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ቀን በበሩ አጠገብ ሳልፍ "አልቻልሁም፣ ሐዲጃ" አሉኝ። "ተደፍታ ሳያት የማየው እሷን አይደለም።"

ራጁ ሲታይ የጭኗ ራስ ገብቷል። ዶክተር አምሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ብሎኑ ግን ተመልሶ አይዞርም፤ ከታሰበው ርዝመት ሁለት ጣት ያህል ይቀራል። "ይቅር፣ ዳሌዋ ይበልጣል። ስታድግ እናየዋለን" አለ። አበቡ ተዘግቶ የከረመ ምግብ ቤቷን ልትከፍት ግድ ነበርና ወደ ኮሶዬ ለመሄድ ስትጠይቀው ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። "መጀመሪያ የወጣው እዚያ ቤት ነው" አላት። እሷም ይህንኑ ነበር የምትፈራ። ጎንደር ላይ ሕግ ማውጣት ቀላል ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቢበዛ ይስቃል። ኮሶዬ ላይ ግን ዘመድ አለ፣ ይሉኝታ አለ፣ አያ ዋኘው አሉ።

አብሬያቸው ሄድሁ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም። ፍልሰታ ስለሆነ የሚበላው የጾም ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ብረት የታሰረላት ልጅ መጣች ሲባል መንደሩ ሁሉ ከነጭቃው ገባ። አንዷ ሴት ገና ከመግባቷ ትራስ በብብቷ ይዛለች! አበቡ ትራሱን ተቀብላት በመስኮት ወረወረችው። ቀጥላ ሰሌን መሬት ላይ አነጠፈች፤ ጸሎትም ወርዳ በሆዷ ተኛች። አበቡ ሕጉን ተናገረች።

ማንም አልተነቃነቀም። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ሌላው "ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ሟርት ነው" አለ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ወደ አያ ዋኘው አዞረ። እሳቸው "አይሆንም" ካሉ ቤቱ ሁሉ አይሆንም ይላል፤ ትራሱ ይመለሳል፣ ዳሌው ይወጣል። አበቡ ቀጥ ብላ አየቻቸው። አሁንስ ዝም አልልም የሚል አስተያየት ነበር።

አያ ዋኘው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉ። እንደሚሰግድ ሰው ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ሰሌኑ ላይ ተከሉ፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቆይተው፣ ቆይተው፣ ደረታቸውን አወረዱና ግንባራቸውን ከልጅቱ አጠገብ መሬት አስነኩ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ያዙ።

ጸሎት አንገቷን ወደ እሳቸው መለሰች።

"አያ፣ ይተንፍሱ እንጂ።"

አንገቷን ይበልጥ ወደ እሳቸው አስጠጋች።

"ይኸው እኔ ተኝቼ እየተነፈስሁ አይደል? ይተንፍሱ።"

አንድ ረጅም ትንፋሽ ከሽማግሌው ወጣ። እያለቀሱ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላለቀሱትን ያለቅሱ ነበር። ጸሎት እጇን ዘርግታ ክንዳቸውን ያዘችና "እግርዎን ከፈት ያድርጉ፤ እንዲያ ነው ሕጉ" አለቻቸው። ከፈት አደረጉ።

ያኔ በር ላይ ከቆሙት አንዱ ከንፈሩን መጠጠ።

አያ ዋኘው እንባ ያራሰውን ፊታቸውን ከሰሌኑ ቀና አደረጉ። "ማነህ አንተ? ከንፈርህን ሰብስብ! ወይ ተኛ፣ ወይ ውጣ!"

ሰውየው ተኛ። ትራስ ያመጣችው ሴት ነጠላዋን አደግድጋ ተኛች፣ ያማተቡት አሮጊት እየተደገፉ ተኙ፤ ሰሌኑ ሲሞላ የቀረው መደቡ ላይ በሆዱ ተጋደመ። ቆማ የቀረችው አበቡ ብቻ ነበረች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸውና፣ ካወቅኋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅዋን ለቅቃ ሳቀች።

ብረቱ የወጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ዳሌዋ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጸሎት አሁንም ትንሽ ታነክሳለች፤ የጫማዋ ሶል ግን ስስ ነው፣ የጎማው ዘመን አልፏል። ከትምህርት ቤት መልስ አያ ዋኘው መንገድ ላይ ይጠብቋትና አብረው ዳገቱን ይወጣሉ። እሷ ቀድማ ትደርሳለች፤ ዞራ እያለከለኩ ሲመጡ ታያቸዋለች።

"ምነው አያ፣ ከንፈሬን ልምጠጥልዎ?" ትላቸዋለች።